መሰላሉ ራስ ላይ የነበረው ክሬም

የመዋኛው ልብስ መቀየሪያ ቤት ቁልፍ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እጅ ነው። ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሁሉ በእኔ በር ያልፋል፤ በእኔ በር ያለፈ ደግሞ ሳይቀባ አይገባም። ወደ ውኃው በሚያወርደው መሰላል ራስ ላይ፣ ሲጫኑት የሚተፋ ትልቅ ጠርሙስ የፀሐይ ክሬም አስቀምጫለሁ። "ጀርባህን አዙር!" እላለሁ። እምቢ ያለ ቁልፍ የለውም። በዚህ የተነሳ "መቶ አለቃ" ይሉኛል። ይበሉ! ምን ቸገረኝ?

ወድጄ አይደለም። ባሌ እዚሁ ጀልባ ይነዳ ነበር፣ ሸሚዙን አውልቆ። "ኧረ ልበስ!" ስለው "ፀሐይ ወዳጄ ናት" እያለ ይስቅብኛል። ወዳጁ ትከሻው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተወችለት። ሐኪሙ ካንሰር ነው አለን፤ በሁለት ዓመቱ ቀበርኩት። ከዚያ ወዲህ የተራቆተ ትከሻ ፀሐይ ላይ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ታናሽ ወንድሜ ጠላቂ ነው። ከመሰላሉ ሥር፣ የድንጋይ ግድቡ ከማዕበል በከለለው ውኃ ውስጥ፣ የኮራል ችግኝ ያሳድጋል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ ዓሣ ይጠለልበታል። ወንድሜ ቁርጥራጩን ገመድ ላይ አስሮ፣ በጥርስ ብሩሽ እያጸዳ አራት ዓመት ለፍቶበታል። "ለእነዚህ የምትሰጠውን ልብ ለአንዲት ሴት ብትሰጥ እስካሁን የልጆች አባት ነበርክ" እያልኩ እተርበው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ከውኃ ወጥቶ፣ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቤ ዘጭ አለ።

"እትዬ፣ ነጡ።"

"ምኖቹ?"

"ችግኞቹ። መሞታቸው ነው። የቀሩኝ ሁለት ገመድ ብቻ ናቸው።"

"ውኃው ሞቆ ነዋ።"

"ሞቋል። ግን ከግድቡ ወዲያ የተከልኳቸው በዚያው ሙቀት ደህና ናቸው።" ጠርሙሱን በአገጩ አመለከተኝ። "ሰዉ ክሬሙ ሳይደርቅለት ነው የሚዘለው። እዚያው ይታጠባል።"

"አበድክ እንዴ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ይሄን የሚያህል ባሕር በክሬም ሊሞት?"

"ባሕሩን መች አልኩ? ግድቡ ውስጥ ያለው ውኃ እኮ ቶሎ አይወጣም። በሳምንት ስንት ጠርሙስ ታስጨርሻለሽ?"

ስድስት። አልነገርኩትም። ይልቅ ብድግ ብዬ "አንተ ለድንጋይ ታለቅሳለህ፤ እኔ ሰው ነው የቀበርኩት!" ብዬ ጮህኩበት። ዋናተኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ወንድሜ ተመልሶ ወደ ውኃው ገባ።

በማግስቱ ቀትር ላይ መዋኛው ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔም እንደ ልማዴ ጀርባ እያስዞርኩ ነው። ወንድሜ ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ይዞ ወረደ፤ ከመሰላሉ አጠገብ ውኃ ቀድቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። ሲረጋ ላዩ ላይ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ቅባት ተንሳፈፈ። አነሳሁና አሸተትኩት። የገዛ እጄ ሽታ ነው። "ቶሎ ግቡ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" እያልኩ፣ ክሬሙ ሳይደርቅ ወደ ውኃው የምገፋቸው እኔው ነበርኩ።

ቤቴ ገብቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ዘጠኝ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝ። የባሌን ልብስ አንዱንም ለሰው አልሰጠሁም ነበር፤ አንዳንዴ አውጥቼ አጣጥፌ መልሼ አስቀምጣለሁ፣ ሌላ ምን አደርገዋለሁ? በዚያች ቀን ግን ሁሉንም በፌስታል ከተትኳቸው።

ጠዋት ጠርሙሱን ከመሰላሉ ራስ አንስቼ በሩ አጠገብ አኖርኩት። "የተቀባ ግማሽ ሰዓት አግዳሚው ላይ ይቀመጣል! መጠበቅ ያቃተው ሸሚዝ ይለብሳል!" አልኩ። ማጉረምረሙን ተዉት። ገበያ ነው የመሰለው።

አንድ ቦርጫም ደንበኛዬ ከሸሚዞቹ ሰማያዊውን አንስቶ "መቶ አለቃ፣ የማን ነው?" አለኝ።

"ልበስ ሲሉት እምቢ ያለ ሰው ሸሚዝ ነው። አንተ ልበስ።"

ያኔ ወንድሜ ከውኃው ብቅ አለ። ፊቱን ሳይ ፈራሁ።

"ሁለቱ ገመዶችስ?"

"አንዱ ሌሊት ነጥቶ አደረ።"

"ሌላው?"

"አለ። ስለ ነገ አላውቅም፣ እትዬ።"

ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት ቦርጫሙ ሰውዬ በመካከላችን አልፎ መሰላሉን ወረደ። ሰማያዊው ሸሚዝ ውኃው ላይ ተነፋ፤ ትከሻው ሽፍን ብሏል። ባሌን ምነው ያኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ለብሰህልኝ ቢሆን ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ወንድሜ መጥቶ እርጥብ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።