ሁሉም ጣራ ሲጮኽ

የሸለቆው ኢንተርኔት የሚመጣው ከጣራ ጣራ እየተቀባበለ ነው። ከታች ከገበያው ከተማ ይነሣና በየቤቱ አናት በተተከሉ ትንንሽ ሬዲዮዎች እየተላለፈ፣ የአትላስን ተራራ ሽቅብ ይዞ እስከ ጤና ጣቢያው ይዘልቃል። ሬዲዮዎቹን የተከለቻቸው ኢቶ ናት። ዋና ከተማው ራባት ተምራ ስትመለስ «እዚህ ድንጋይ መሀል ምን ልትሠሪ?» ያሏትን ሁሉ አፍ ያስያዘችው በእነዚህ ነበር።

ፖም በሚለቀምበት ወራት ግን ኔትወርኩ ታመመ። ኢቶ በሽታውን ለማወቅ አልተቸገረችም። አንዱ ሲግናሉ ሲደክምበት በስልኩ የሬዲዮውን ጉልበት ይጨምራል፤ የእሱ ጩኸት የጎረቤቱን ጆሮ ይደፍናል፤ ጎረቤትየውም በተራው ይጨምራል። የሰርግ ቤት ወሬ በሉት፤ አንዱ ድምፁን ሲያነሣ ሌላውም ያነሣል፣ በመጨረሻ ሁሉም ይጮኻል፣ የሚሰማ የለም።

አዋላጇ ቱዳ ከጤና ጣቢያው ወርዳ መጣችባት። የነፍሰ ጡሮችን የሆድ ምስል ከተማ ላለው ሐኪም የምትልከው በዚሁ መስመር ነው።

«ስሚ ኢቶ፣ ትናንት ምስሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ምን ላድርግ? ሴትዮዋን በጭነት መኪና ሰደድኳት። በዚያ ገደል ተንገጫግጫ ወርዳ 'ደህና ነሽ፣ ግቢ ወደ ቤትሽ' ተባለች። ቀጣይዋስ ደህና ባትሆን?»

«አስተካክለዋለሁ።»

«መቼ?»

«እስኪስተካከል አልቀመጥም አልኩሽ።»

አልተቀመጠችምም። በየቤቱ እየዞረች፣ የቀረበላትን የናና ሻይ እየጠጣች ለመነች። መልሱ ግን አንድ ነበር፤ «ጎረቤቴ ይቀንስና እቀንሳለሁ።» ባለ ወፍጮው ሞሃ ደግሞ ሳቀባት። «እኔ ዝም ብዬ ጎረቤቴ ቢጮኽ፣ ሞኙ ማን ሊሆን ነው?»

ስለዚህ ከራሷ ጀመረች። የቤቷን ሬዲዮ ጉልበት በግማሽ ቀነሰች፤ እናቷ «ሰው የገዛ ቤቱን መስመር ይቆርጣል?» ብለው ቢቆጡም አልመለሰችውም። አርብ ከኩስኩስ በኋላ ባለ ጣራዎቹን ሰበሰበችና፣ «እኔ ቀንሻለሁ። አሁን ሁላችንም በአንዴ፣ እኩል፣ በግማሽ እንቀንስ» አለች። አንገራገሩ፣ ግን ተስማሙ። እምቢ ያሉት ሁሉም «ዳ ባሱ» እያለ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

«የኔ ከተቀነሰ ላይኛው መንደር አይሰማም።»

«ዳ ባሱ፣ ሁሉም ስለ ራሱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩዋት። «ይሁን። የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ፈቀዱ።

በማግስቱ የታችኛው መንደር መስመር እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ላይኛው መንደር ያለው ጤና ጣቢያ ግን ጭራሽ ጠፋ፤ ምስል ቀርቶ ሰላምታ እንኳ አያልፍም። ሞሃ ወፍጮው ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «በሽተኛውን ጨርሳ ቀበረችው!» ሲል ሰማችው። ፊቷ ነደደ። ወደ ቤቷ ግን አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ዳ ባሱ ጣራ ወጣች።

እዚያ ቆማ ስታይ ገባት። የሌላው ሰው ሁሉ ቀጣይ ጎረቤት ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት ነው። የዳ ባሱ ቀጣይ ግን ከገደሉ ማዶ፣ ላይኛው መንደር ነው፤ በዓይንም በጭንቅ ይታያል። ስትተክለው ታውቅ ነበር፤ «እኩል» የሚለው ቃል ስላማራት ዘነጋችው።

«አላልኩሽም?» አሉ ዳ ባሱ ከበስተኋላዋ።

«ብለውኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ። በእኩል ሳይሆን ለእያንዳንዱ በሚበቃው ልክ ማለት ነበረብኝ።»

ሁለተኛው ስብሰባ ከፊተኛው ባሰ።

«ባሱ እንደ ልባቸው ይጩሁ፣ እኛ እናንሾካሹክ?» አለ ሞሃ።

«ሞሃ፣ ሚስትህ አጠገብህ ተቀምጣ ስትጠራህ ትጮኻለች?»

«የኔዋ? እሷማ ሁሌ ነው!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ኢቶም ሳቀች፤ ግን አልለቀቀችውም። «እንግዲያው ሬዲዮህ እንደሷ አይሁን። እያንዳንዱ ሬዲዮ ቀጣዩን 'ትሰማኛለህ?' እያለ ይጠይቅ። ከተሰማ ይቀንስ፣ ካልተሰማ ይጨምር። ራሱ ይወስን፤ ማንም በእጁ አይንካው። እኔም ጭምር።»

«እኔስ?» አሉ ዳ ባሱ።

«እርስዎም። ማዶ እስኪሰማ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ቅንጣት አይጨምርም።»

ሬዲዮዋቸውን እንደ ልብ ማስጮህ የዳ ባሱ ኩራት እንደነበር የማያውቅ የለም። ሽማግሌው መቆጣጠሪያው ያለበትን ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሰጧት። «በይ መቆጣጠሪያውን አጥፊልኝ። እኔ ጋ ካለ መነካካቴ አይቀርም።» ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ለሌላው ነውር ሆነ።

ኢቶ ከጣራ ጣራ እየወጣች አዲሱን አሠራር ጫነች። መጀመሪያ ላይ ሬዲዮዎቹ አብረው ይዋዥቁ ነበር፤ አንዱ ሲጨምር ሌላውም ደንግጦ ይጨምራል። እንደገና ወጣች። ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ ብቻ ጉልበታቸውን እንዲለውጡ አድርጋ ደግማ ጫነችው። እጇ በቆርቆሮ ተቧጭሮ፣ ጉልበቷ ዝሎ ገና ከመጨረሻው መሰላል ስትወርድ ስልኳ ጮኸ።

«ሄደ! ምስሉ ሙሉውን ሄደ!» አለች ቱዳ። ወዲያው ድምፅዋ ተለወጠ። «ሐኪሙ ይህችን ነፍሰ ጡር ዛሬውኑ አውርዷት ይላል። መኪና ፈልጊልኝ።»

ቅርብ የነበረው የሞሃ የዱቄት መኪና ነው። ኢቶ ጠየቀችው፤ ጆንያዎቹን አራገፈና ከኋላ ፍራሽ አነጠፈ። ሴትዮዋ ከተማ ደርሳ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ደህና ሆኑ።

ሞሃ ሲመለስ «መንገዱ ጎማዬን ጨረሰው» ከማለት በቀር ኢቶን አላመሰገነም። ሬዲዮውን ግን አልነካም።