ያበጠው ጎሚኒ

የተማሪ ማመላለሻው ሚኒባስ ጋራዡ ውስጥ ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይሰምጥና እዚያው ይቀራል፤ ማርሽ ላስገባ ሲሉት ካምቢዮው ጥርሱን ያፋጫል።

ጋራዡ የአባትና የሴት ልጁ ነው። አባትየውን ደንበኞቹ «ዶክተሩ» ይሉታል፤ መኪናው ገና በሩን ሳያልፍ በድምፁ ብቻ በሽታውን ይናገር ነበርና። ልጁም ሙያውን ከሱ ነው የተማረችው፤ አብራው መሥራት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት።

«ጫኚ!» አለ ዶክተሩ ከመኪናው ሥር ሆኖ።

«ጫንኩ።»

«ያዥው... ያዥው... ልቀቂ!»

ልጁ በረገጠች ቁጥር እሱ ከታች ትንሿን ብሎን ላላ እያደረገ አየሩን ያስወጣል። ሠላሳ ጊዜ ያህል ረገጠች። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አረፋው ጠፋ፤ ፔዳሉ ግን አልጠነከረም።

«አሁንም ጭቃ የረገጥኩ ነው የሚመስለው፣ አባዬ።»

ዶክተሩ እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል። «ያ ሌባ መለዋወጫ ሻጭ ነው! ከፔዳሉ አጠገብ ያለውን ፓምፕ ከትናንት ወዲያ ቀየርኩ፣ ካምቢዮው ላይ ያለውን ትናንት ቀየርኩ። ሁለቱም አዲስ! አስመስሎ የተሠራ እቃ ነው የሚሸጥልን።»

«ትናንትም ኮሌታውን ይዘኸው ነበር። አረፍ በል፣ እኔ ልፍታው።»

የታችኛውን ፓምፕ ፈታችና ጎሚኒውን፣ ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያግደውን ትንሽ የጎማ ቀለበት፣ በጥፍሯ ፈልቅቃ አወጣችው። ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ መስሏል። ጎሚኒ በአንድ ቀን እንዲህ የሚያብጠው ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ባለፈው ወር አባቷ በሟች እህቱ ስም ጠርቷት ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፍቶበት ደንበኛ አምጥቶታል። እርጅና ነው ብላ አልፋዋለች።

ጎሚኒውን በጭብጧ ደበቀችው።

«አሳዪኝ እንጂ!»

ተቀብሏት በጣቶቹ መሃል አገላበጠውና አንድ ብርጭቆ ውሃ አስመጣ። ከፍሪሲዮኑ ዘይት ማስቀመጫ በመርፌ ጥቂት መጥጦ ውሃው ላይ ጠብ አደረገ። እዚያ መግባት ያለበት የፍሬን ዘይት ቢሆን ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ በጠፋ ነበር። ይሄኛው ከላይ ተንሳፈፈ።

«የሞተር ዘይት!» አለ። ዓይኖቹ እንደ ድሮው ቦግ አሉ፤ ለአፍታ ደስ አላት። «ጎማ የሚያሳብጥ እሱ ነው። የትኛው ደንቆሮ ነው እዚህ ውስጥ የሞተር ዘይት የጨመረው?»

ጋራዡ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች።

ትክ ብሎ አያት። «አንቺ አታደርጊውም። ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ነኝ፣ አይደል?»

ያበጠውን ጎሚኒ ከእጁ ተቀበለችው።

«ቆይ... ፍሬኑስ?» ብሎ ዘሎ ተነሣ። «የሌሎቹ መኪኖች ፍሬንስ? ፍሪሲዮን ቢበላሽ መኪናው አይሄድም፤ ፍሬን ቢበላሽ ግን አይቆምም፣ ልጄ!»

በወሩ ውስጥ የነካቸውን መኪኖች እንዲነግራት ለመነችው። «ቀይዋ... ቀይ ነበረች?» እያለ ግንባሩን በመዳፉ ይመታል። ግድግዳው ላይ በተጻፉት የደንበኞች ስልኮች አንድ በአንድ ደወለች። «ያለህበት አቁመው፣ እንዳትነዳው፣ እኛ እንመጣለን።» ዘጠኝ መኪኖች ነበሩ። ስምንቱን እየዞሩ መረመሩ፤ በሦስቱ ፍሬን ውስጥ የሞተር ዘይት አገኙ።

የዘጠነኛው፣ የአትክልት ጫኙ ሹፌር፣ ስልክ ማታ ላይ ተነሣ። ያነሳችው ሚስቱ ናት።

«ሐኪም ቤት ነን» አለች ሴትየዋ። «ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አለው።»

ሹፌሩ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ የሆነውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ጋራዡ ታሸገ። ለቅሶ ቤት ሄዳ ድንኳኑ በር ላይ ብዙ ቆመችና፣ መግባት አቅቷት ተመለሰች።

ዶክተሩ ከዚያ ወዲህ ቤት ዋለ። ግን በየማለዳው ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ «የአትክልቱ መኪና መጣ?» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ትነግረው ነበር። እሱም ያኔ ገና እንደሰማ ሁሉ እንደ አዲስ ያለቅሳል፣ ራሱን ይረግማል፣ እህል አልቀምስም ይላል፤ በማግስቱም እንደገና ይጠይቃታል። በሰባተኛው ቀን አቅሟ አለቀ።

«መጣ፣ አባዬ» አለችው።

«ፍሬኑን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ጎበዝ። በይ ተነሺ፣ ሰው ይጠብቀናል» ብሎ የሥራ ጫማውን አጠለቀ።

ልጅቷ እግሩ ሥር ተንበርክካ፣ ቀና ብላ ሳታየው፣ ያሰረውን ማሰሪያ ቀስ ብላ ትፈታ ጀመር።