ፀዳለ ከሮም የላከችው ካፖርት

የሺመቤት እህት የላትም። እህቷ ማክሰኞ ጠዋት በላዳ ታክሲ መጣች። ሻንጣ አልያዘችም። የሺመቤት በሩን ስትከፍትላት፣ «ወፍረሻል» አለችና ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። የለበሰችው ሰማያዊ ካፖርት ነበር። የሺመቤት ወደ መኝታ ቤት ሄዳ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የካፖርቷ መስቀያ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«እትዬ ፀዳለ፣ ሻይ ላፍላልሽ?» አለች ተመልሳ። ሌላ ምን ትላለች።

ፀዳለ የተወለደችው በ1981 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሺመቤት ታይፒስት በነበረችበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ያን ካፖርት የሺመቤት ፊቷን በነጠላ ሸፍና መርካቶ ሰልባጅ ተራ ከክምር ውስጥ ጎትታ አወጣችው። ሽታው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ኮሌታው ውስጥ የተሰፋውን የፈረንጅ ስም በምላጭ ፈታችው። ቢሮ ለብሳው ስትገባ ጎረቤት ጠረጴዛ የምትቀመጠው ትርንጎ እጅጌውን ዳበስ አድርጋ፣ «ከየት ነው?» አለቻት። በዚያ ዘመን ሰልባጅ የሬሳ ልብስ ይባል ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲያ የምትለውም ትርንጎ ነበረች።

«እህቴ ፀዳለ ከሮም ልካልኝ ነው» አለች የሺመቤት።

ከዚያ ወዲህ ፀዳለ ሹራብ ላከች፣ ጫማ ላከች፣ አገባች፣ ፈታች፣ የሐሞት ጠጠር ወጣላት። ለቀዶ ሕክምናው ትርንጎ ሻማ አብርታላታለች።

አሁን ደግሞ መጣች። ጥሩ እህት ነበረች። ካፖርቷን ግን አታወልቅም፤ ስትተኛም እንደለበሰች ነው። ልብስ ትተኩሳለች፣ የሺመቤት እራት ሳትበላ ልትተኛ ስትል ትቆጣታለች። ጠዋት ጠዋት እስከ አጥሩ በር ትሸኛትና ቀኝ እጇን ብቻ ከፍ አድርጋ ቀስ እያለች ታወዛውዛለች። ትንሽ ትንሽ ሰልባጅ ሰልባጅ ትሸታለች። እናቷ ከእሷ ሌላ ያልወለዱላት የሺመቤት፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቷ የሚቆጣት ሰው በማግኘቷ ደስ አላት። በጣም ደስ አላት።

ችግሩ ዘመኑ ተገልብጦ መቆየቱ ነው። የትርንጎ ልጅ ቦሌ ላይ ሱቅ ከፍታለች። ሰልባጁ እዚያ አይከመርም፤ አንድ አንድ እየተሰቀለ መብራት ይበራለታል፣ ስሙም ቪንቴጅ ነው። ትርንጎ ራሷ ክርኑ የተቀደደ ጃኬት መልበስ ጀምራለች። ሰው ስታገኝ መጀመሪያ ቀዳዳውን ታሳያለች፣ ከዚያ ሰላም ትላለች።

እሑድ የማኅበሩ ተራ የሺመቤት ቤት ደረሰ። ሴቶቹ በሙሉ አሮጌ ለብሰው መጡ።

«የዚህ ቀሚስ ባለቤት ሳትሞት አትቀርም» አለች አንዷ ቀሚሷን እያሳየች።

«ታድለሽ» አለች ሌላዋ።

ትርንጎ የሺመቤትን በሐዘኔታ አየቻት። «የሺዬ መቼም አዲስ እንጂ ሌላ ለብሳ አታውቅም። ሮም እህት ያላት ሰው ምን ታድርግ። ሰልባጅ ዓይን ይፈልጋል፤ ዓይን ደግሞ ለሁሉም አልተሰጠም።»

የሺመቤት ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ትርንጎ አፍንጫዋን ይዛ በምታልፍበት ዘመን ክምር ውስጥ እስከ ብብቷ ገብታ ስትፈልግ የኖረች እሷ ናት። አጠገቧ የተቀመጠችው ፀዳለ በጠረጴዛው ሥር እጇን ያዘቻት።

«ተይ፣ የሺ» አለች በሹክሹክታ። «ካልላክሁልሽ እኔ የለሁም።»

የሺመቤት ይህን ታውቃለች። ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች።

«ሰልባጅ ነው» አለች። «ካፖርቱም፣ ሹራቡም፣ ጫማውም። መርካቶ ነው የገዛሁት።»

«እህትሽስ?» አለች ትርንጎ።

«እህት የለኝም።»

በእጇ ውስጥ የነበረው እጅ ቀለለ። ወንበሩ ላይ ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ ተቀምጦ ነበር፤ ፊት ለፊቱ የተጋመሰ ሻይ አለ። ማንም አልደነገጠም። ሦስት ሴቶች ጨርቁን ለመዳበስ ተነሡ። ትርንጎ ኮሌታውን ገልብጣ የተፈታውን ክር ምልክት አየች።

«ኦሪጅናል ነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ አክብሮት ነበረበት። «ይህን ሁሉ ዘመን ደበቅሽን?»

የሺመቤትን ከፍ ካለው ወንበር አስቀመጧት። ከሁሉ ቀድማ መጀመሯን እየደጋገሙ አስነገሯት። አንድ ሰዓት ያህል ኮራች።

ሲሰናበቱ ትርንጎ ካፖርቱን ለልጇ ሱቅ መስኮት ጠየቀች፤ የሺመቤትም ከወንበሩ አንሥታ ሰጠቻት። ያካፋ ነበር። ትርንጎ እጆቿን እጅጌው ውስጥ ሳታስገባ ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። በአንድ እጇ የዳቦ ፌስታል፣ በሌላው ጃንጥላ ይዛ ወጣች። የሺመቤት እስከ አጥሩ በር ሸኘቻት።

ትርንጎ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ሄደች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ባዶው ቀኝ እጅጌ ከጎኗ ተነሣ። ከትከሻዋ በላይ ከፍ አለና ቀስ እያለ ለየሺመቤት ተወዛወዘ።