የዙሌኻ ወንበር በጃሙና አሸዋ ላይ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከወንበሩ እንጀምር። ዙሌኻ ከባንግላዴሽ ዋና ከተማ ከዳካ ይዛው የመጣችው ቀለሙ የተላጠ ተራ የእንጨት ወንበር ነበር። በጀልባ አሻግራ፣ የጃሙና ወንዝ በዚያ ዓመት ያወጣው አዲስ የአሸዋ ደሴት ላይ አስቀመጠችውና ቁጭ አለችበት። ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስም መናገርም የለም። ከንጋት እስከ ምሽት ትቀመጣለች፣ ሌሊት እዚያው ወንበሩ ሥር ትተኛለች።

ሥራዋ ይኼው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታዋለች። ሥዕል ተምራ ስታበቃ ብሩሹን ጥላ በገዛ አካሏ ጥበብ መሥራት የጀመረች ጊዜ መምህሮቿ "ለየላት" ብለው ነበር። ሳዳርጋት ወደብ ላይ አንድ ቅርጫት የወንዝ ጭቃ በአናቷ ተሸክማ፣ ጭቃው ደርቆ እስኪሰነጠቅ ቆማ ዋለች። ሌላ ጊዜ የልብስ ፋብሪካ በር ላይ የእጅጌዋን ጫፍ ከሥራ ከወጣች ሴት እጅጌ ጋር ሰፋች፤ የዚያችን ደግሞ ከሌላዋ ጋር። አሥራ አንድ ሴቶች እንደተሰፉ መንገዱን ዘጉት፤ ሹፌሮች ጡሩምባ ሲነፉባቸው እነሱ ይስቁ ነበር። ቶኪዮም በርሊንም ጠርተዋት ሄዳለች። ራሷን የምትጠራጠር ሴት አይደለችም። ችሎታሽ ምንድን ነው ሲሏት "ከቦታዬ አለመነሳት" ትላለች።

ያላሸነፈችው አንድ ሰው ቢኖር እናቷ ናት። ሱርጆ ባኑ ወንዙ ቤታቸውን ከወሰደው ጀምሮ፣ ያኔ ዙሌኻ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ጎርፍ ለመከላከል በተሠራው የአፈር ግድብ ላይ በቆርቆሮ ጎጆ ትኖራለች። "ልጅሽ ዳካ ምን ትሠራለች?" ሲሏት "ትጫወታለች" ብላ ትመልሳለች። ክፋት የላትም። ሱርጆ ባኑ ውሸት የሚባል ነገር ከአፏ አይወጣም፤ ያየችውን ነው የምትናገረው። ትልቅ ሴት ጭቃ ተሸክማ ስትገተር ሌላ ምን ይባላል?

ዙሌኻ ወደ ደሴቱ የመጣችው ስለጠፋው ቤታቸው አንድ ሥራ ልትሠራ ነበር። ወንዙ ከቤታቸው ጋር የወሰደው የድሮው መስጊድ የጡብ መሠረት ከአሸዋው ብቅ ብሏል፤ እሱን አይታ፣ ቤታችን እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም ብላ በግምት ተቀመጠች። እኩለ ቀን ላይ አንዲት የግድቡ ጎረቤት የተዘፈዘፈ ሩዝ በቃሪያና በሽንኩርት ይዛላት መጣች።

"መሬታችሁን ያዝሽው አይደል? እሰይ የኔ አንበሳ። ቀያሹ እስኪመጣ ንቅንቅ እንዳትይ።"

ዙሌኻ የተቀመጠችበት ነገር ያን ጊዜ ገባት። ወንዝ የበላውን መሬት ሲተፋው፣ ቀያሽ እስኪመጣ ቦታው ላይ የተገኘ ሰው ቃሉ ይሰማል፤ ያልተገኘ አፍ የለውም። አገሬው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። እሷ ግን በልጅነቷ ወደ ከተማ የሄደች ናትና ረስታዋለች።

አብሯት የመጣው ፎቶ አንሺ ኢምቲያዝ ፈራ። "አፓ፣ ጥበብ ነው እንበላቸው፤ መሬቱን የሚፈልጉት በዱላ ሳይመጡብን" አላት በሹክሹክታ፤ አፓ ማለት ታላቅ እህቴ ነው።

ዙሌኻ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። መቀመጧ ለእናቷ መሬት የሚያስገኝ ከሆነማ ደስ አላት፤ በመቀመጥ ደግሞ ማን ይበልጣታል?

በማግሥቱ የቶፋዛል ሰዎች አሸዋውን አርሰው ሊይዙት ዱላና በሬ ይዘው ደረሱ። ቶፋዛል የአካባቢው አድራጊ ፈጣሪ ነው፤ አዲስ አሸዋ ብቅ ባለ ቁጥር የኔ ነው ማለት ልማዱ ነው።

"አፓ፣ ፀሐዩ አናትሽን መታሽ እንዴ?" አላት አንዱ።

"ባል የላትም መሰል። ቢኖራትማ እስካሁን ምሳ ፍለጋ ይመጣ ነበር።"

"ኧረ እያት፣ ዐይኗን እንኳ አታርገበግብም። ድንጋይ ናት!"

ዝም አይነቅዝም። የመለሰ ሰው ይመታል፤ ያልመለሰችን ሴት፣ ያውም ካሜራ ፊት፣ ምን ብለው ይምቷት? ከሰዓት በኋላ ዱላቸውን አጋድመው የተቆላ ሩዛቸውን ይቆረጥሙ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ቀያሹ ጥላውን ዘርግቶ መጣ። ቶፋዛልም ነጭ ልብሱን ለብሶ ቀደመው።

"ክቡር ቀያሽ ሳሂብ፣ ይቺ ሴት መሬት አልያዘችም። ትርኢት ነው። ዳካ ተሰልፈው የሚያዩት ጨዋታ ነው።"

"እውነት ነው፣ እህቴ?" አለ ቀያሹ። "ጨዋታ ከሆነ አልጽፈውም።"

ዙሌኻ አልተናገረችም። ሥራው ቃል የለውም፤ አንዴ ከተናገረች ይፈርስና ቶፋዛል እንዳለው ጨዋታ ይሆናል።

"እንግዲያው እናቷን እንጠይቅ" አለ ቶፋዛል ፈገግ ብሎ፤ እሷንም እንደ አገሬው በአክብሮት ቡቡ ብሎ ጠራት። "ሱርጆ ቡቡ ዋሽተው ያውቃሉ የሚል በዚህ ወንዝ ዳር አለ?"

ዙሌኻ ያን ጊዜ ፈራች። እናቷ ምን ብላ እንደምትመልስ ታውቀዋለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሰምታዋለች።

ጀልባው ሱርጆ ባኑን ይዞ መጣ፤ የግድቡ ሰው ሁሉ ተከትሏታል።

"ቡቡ፣ ልጅዎ እዚህ ምን እያደረገች ነው?" አለ ቶፋዛል።

አሮጊቷ ወደ መስጊዱ ጡብ ሄደች፣ ለጡቡ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፣ ከዚያ እርምጃዋን በአፏ እየቆጠረች መጥታ ወንበሩ ጋ ደረሰች። ግራ ቀኙን አየች።

"ተነሺ።"

ዙሌኻ ሥራ ላይ ሆና ተነስታ አታውቅም። አሁን ግን ተነሣች።

"አያችሁ!" አለ ቶፋዛል። "እናቷ አስነሣቻት።"

"ይኼ የጎረቤታችን የነሆርሙዝ የከብት በረት ነው" አለች ሱርጆ ባኑ። "ሦስት ቀን ሙሉ ላም ቦታ ተቀምጠሽ አይሸትሽም?" ሰዉ ሳቀ። እሷ ወንበሩን አንሥታ በወገቧ ደግፋ አሥራ ሁለት እርምጃ ተራመደች፤ እግሮቹን አሸዋው ውስጥ ጠበቅ አድርጋ ተከለቻቸው። "በራፋችን እዚህ ጋ ነበር። ያኛውን ለሆርሙዝ ልጆች ጻፍላቸው፣ ሳሂብ።"

ቀያሹ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። የራሷ ያልሆነውን ቦታ ለባለቤቱ የምትመልስ ሴት በሥራ ዘመኑ ገጥማው አታውቅም። "ልጅዎ ግን፣" አለ፣ "ሥራዋን ጨዋታ ነው ይላሉ..."

ሱርጆ ባኑ በሳሪዋ ጫፍ የወንበሩን አሸዋ ጠረገች። ወደ ቀያሹም ወደ ቶፋዛልም አላየችም።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ። ሥራሽን ሥሪ።"

ሰው ፊት አልቅሳ የማታውቀው ዙሌኻ እንባዋ እየወረደ ተቀመጠች።