ሰጋቱራው ምን አጠፋ

ባሌ አናጢ ነው። ትንፋሽ ሲያጥረው ወደ ደረት ሐኪም ወሰድኩት፤ ሰውየው ሥራውን ሲሰማ ምርመራውን ጨረሰ። “የሰጋቱራ አስም ነው፤ ከእንጨት ራቅ” አለው፣ የሚነፋ መድኃኒትም ሰጠው። ባሌ ታዛዥ ነው። ወርክሾፑን ዘጋ፣ መጋዙን ለወንድሙ ሰጠ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ ሲቆጥር ይውል ጀመር። ትንፋሹ ግን ባሰበት። በሄድን ቁጥር ያው መድኃኒት፣ ያው ምክር።

ጆሮውም ቀልቶ ያብጥ ነበር። እርሳስ የሚሰካበት ጆሮ ስለሆነ ቤተሰቡ በሙሉ እርሳሱን ረገመ። አማቴማ “ሰው እንዴት ጆሮውን መሳቢያ ያደርጋል” እያሉ ይስቁበት ነበር። እርሳሱን ትቶም ሲያብጥ የጠረጠረ የለም።

በቀደም ክፉኛ ሲታፈን ድንገተኛ ክፍል አስገባሁት። ተረኛዋ ወጣት ሐኪም ማዳመጫዋን አንገቱ ላይ አሳረፈች።

“አስም በብዛት የሚያፏጨው አየር ሲወጣ ነው። የእርስዎ ግን ሲገባ ነው” አለችው።

ከዚያ ጆሮውን አየች። ላይኛው ክፍል ቀልቷል፣ ሎቲ የሚንጠለጠልበት ታችኛው ሥጋ ግን ደህና ነው። ጆሮም የአየር ቧንቧም የቆሙት ልም አጥንት በሚባለው ተጣጣፊ ለስላሳ አጥንት ነው፣ ታችኛው የጆሮ ሥጋ ግን የለውም ብላ አስረዳችን።

ሲቲ ስካን ተነሳ። የቧንቧው ግድግዳ ከፊትና ከጎን ወፍሮ መተላለፊያውን አጥብቦታል፤ ልም አጥንት የሌለበት ጀርባው ብቻ እንደነበረ ነው። ቲቢም ዕጢም ግድግዳውን ሊያወፍሩት ስለሚችሉ በካሜራ ገብተው ናሙና ወሰዱ። ሁለቱም አይደሉም።

“የገዛ ሰውነቱ ነው ልም አጥንቱን የሚያጠቃው” አለችኝ። “አሁን የምንሰጠው መድኃኒት እብጠቱን ይቀንሳል። የተበላው ግን አይመለስም። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ…”

ደሜ ፈላ። ቀደም ብለንማ መጥተናል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲያስለቅሙን ከረሙ እንጂ።

ጠዋት የደረት ሐኪሙ አልጋው ድረስ መጣ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና “ስለ ጆሮው እኮ አልነገራችሁኝም” አለ።

“ጆሮው ኪሱ ውስጥ አልነበረም ዶክተር፤ ራሱ ላይ ነበር” አልኩት። “እርስዎ ሥራውን ሰሙ እንጂ ሰውየውን አላዩትም። መጋዙን አስጥለው፣ ይህን የሚያህል ሰው ደጃፍ ላይ አስቀምጠው…”

ባሌ እጄን ያዘ።

“ተይ” አለኝ።

ለዚያች አንዲት ቃል ያለ የሌለ አየሩን አወጣ። መልሶ ለመሳብ ትከሻው እየተነሳ፣ አንገቱ እየተገተረ ታገለ። ዝም አልኩ። ለሐኪሙ አዝኜ አይደለም፤ ባሌን ሌላ ቃል እንዳላስወጣው ነው።