ቀስት ያልተደረገበት ሥዕል

ወንድሜ ሸውቂ ኩላሊቱ ስለማይሠራ እዚህ ግብፅ፣ ደመንሁር ከተማ ሆስፒታል ደሙ በማሽን ሲታጠብ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ባዮሎጂ አስጠናው ነበር። እኔ ትምህርት ያቆምኩት በልጅነቴ ነው፤ የማውቀው ከእሱ መጻሕፍት ለብቻዬ ያነበብኩትን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና በባዮሎጂ ወድቆ ነበር። ቅዳሜ የወደቁት የሚፈተኑበት ሁለተኛው ዙር ነው። ያን ካላለፈ ዓመቱን ይደግማል።

"የምደግመው ዓመት የለኝም" ይለኛል፣ እንደ ቀልድ አድርጎ።

የቸገረን ሚዮሲስ ነው፤ ሕዋስ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ የዘር ሕዋስ የሚሆንበት። የማስጠኛ ማዕከሉ በሚሸጠው ፎቶኮፒ ላይ የሚከፋፈል ሕዋስ ሥዕሎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ የደረጃዎቹን ስም የምንሞላው እኛ ነን፦ መሰናዶ፣ ሰልፍ፣ መለያየት፣ ማብቂያ። ሞላን። ከመጽሐፉ ጋር ስናስተያየው አንዱም አይገጥምም።

"በሰልፍ ጊዜ ክሮሞዞሞቹ መሃል ላይ ይደረደራሉ ይላል" አልኩት። "አንተ ሰልፍ ያልከው ላይ ግን ወዲያና ወዲህ ተጎትተዋል።"

"እኔ ነኝ ያልኩት? አንቺ ነሽ።"

"ሁለተኛው ሥዕል ነዋ! ተራው ነው።"

"እንግዲያው መጽሐፉ ነው የተሳሳተው።"

"አዎ፣ አንተ ትክክል፣ መጽሐፉ ስህተት።"

ቀጥሎ ባለው ወንበር የሚታጠቡት ሐጅ በስዩኒ፣ ሐኪም የከለከላቸውን ጨዋማ ግብጦ ከኪሳቸው እያወጡ ይቆረጥማሉ። "እስቲ አሳዩኝ" አሉ። ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አስኬዱ።

"ይቺ ሁለት ሆና ጀምራ አንድ ሆና ትጨርሳለች። ይሄማ የልጄ ትዳር ነው፤ በፍቺ ተጀምሮ በሰርግ ያለቀ።"

ሸውቂ አልሳቀም። መርፌ ባልተሰካበት እጁ ወረቀቱን ነጠቀኝ።

"ከግራ ነው የሚጀምረው፣ ነጅላ።"

"ምኑ?"

"ሥዕሉ። ከፈረንጅ መጽሐፍ እንዳለ ነው የገለበጡት። እኛ እንደ ዐረብኛችን ከቀኝ ጀመርን።"

በላጲስ ስናጠፋ ወረቀቱ ተቀደደ። ስሞቹን ከግራ ስንጽፍ ገጠሙ። ሁለቱን ረድፎች መለየት ግን ቀረን፤ የመጀመሪያው ክፍፍል ሰልፍና የሁለተኛው ሰልፍ ለዓይኔ አንድ ናቸው። ደጋግሜ አንብቤ "ጥንድ ጥንድ ሆነው ከተሰለፉ የመጀመሪያው፣ ነጠላ ነጠላ ከሆኑ የሁለተኛው" አልኩት። ሳይመልስልኝ ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሷ መጥታ ነቀለችለት። ከታጠበ በኋላ ራሱን ቀና ማድረግ እንኳ አይችልም። ታክሲ ውስጥ "ጥንድ፣ ነጠላ" እያልኩ ስነዘንዘው "ዝም በይልኝ" አለኝ። ተናድጄ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳሜ ከፈተናው ሲወጣ በሩ ላይ ያዝኩት።

"መጣ?"

"መጣ። አንድ ሥዕል ብቻ። ረድፍ የለው፣ ምን የለው።"

"ጥንድ ናቸው?"

"ጥንድ።"

"ታዲያ ምን አልክ?"

"የመጀመሪያው ክፍፍል ሰልፍ። አሁን ውሃ ስጪኝ።"

የተፈቀደለትን አንድ ጉንጭ ሰጠሁት።

ውጤቱ ሳይወጣ ሞተ። ፈተናውን አልፎ ነበር።

ከአርባው በኋላ ወደ ማስጠኛ ማዕከሉ ሄድኩ። ያው ፎቶኮፒ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ሥዕሉ ከግራ እንደሚጀምር ለሻጩ ነግሬ "ቀስት አድርጉበት" አልኩት።

"እስከዛሬ የጠየቀ የለም፣ እህቴ። ሁሉም ያውቀዋል።"

እስክሪብቶውን ከፊቱ አነሳሁና ከላይኛው ወረቀት ጀምሬ ቀስት አደርግ ጀመር።

"ኧረ እህቴ፣ የሚሸጥ ዕቃ እኮ ነው" አለ።

ቀጣዩን ወረቀት ሳብኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጃገረዶች "ምን ሆና ነው?" ተባባሉ። ሻጩ እስክሪብቶውን ሲቀማኝ ገና ጥቂቱን ነበር ያዳረስኩት። አንዷ ልጅ እጇን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ቀስት ካለባቸው አንዱን አነሳች።