ፈረስ ያዡ

ወንድምና እህት አንድ መጽሐፍ በጋራ ለመጻፍ ሲነሡ ያወጡት ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ እስከ በሩ ድረስ የእሱ፣ ከበሩ ወዲያ የእሷ።

ወንድሙ የማተሚያ ቤት አራሚ ነው። ዕድሜውን ሁሉ የሌሎችን ጽሑፍ በቀይ ብዕር ሲያቃና፣ የተደገመውን ሲሰርዝ፣ የተረሳውን ከመስመር በላይ ሲጨምር ኖሮ፣ ወገቡም እንደ ዓይኑ ወደ ወረቀት አዘንብሎ ቀርቷል። እህቱ ታላቁ ናት፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ ሰፊ እጅ ያላት፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት። የመጽሐፉን አሳብ ያመጣው እሱ ነበር። ለእርማት በቀረበለት አንድ የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሰሜን ባሕር ዳርቻ ይኖሩ ስለ ነበሩ ፕሩሳውያን አነበበ። የባሉጥ ዛፍ የሚያመልኩ መንደርተኞች ነበሩ፤ በነጭ ካባቸው ላይ ጥቁር መስቀል የሰፉ ፈረሰኞች ግን ሊያጠምቋቸው ሰይፍ መዘው መጡባቸው። አራሚው ይህን ካነበበ በኋላ ምሳውን ሳይቀምስ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ ይህን ታሪክ ልቦለድ አድርጌ ልጽፈው ነው። ብቻዬን ከጻፍኩት ግን ለመስቀሉ አዳላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አንቺ መንደሩን ያዢልኝ።»

«አንተ ጻድቅ፣ እኔ አረማዊ!» ብላ ሳቀች። «በልጅነታችንም እንዲህ ነበር የምታካፍለኝ። ሥጋው ላንተ፣ አጥንቱ ለኔ።»

ሳቀች እንጂ እምቢ አላለችም። ስለዚህም ፈረሰኞቹ የእሱ ሆኑ፣ መንደርተኞቹም የእሷ። ፈረሰኞቹ እርሻውን ማቃጠል፣ ከብቱን መንዳት፣ የተመለከውን ባሉጥ በመጥረቢያ መጣል ይችላሉ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ግን የወንድም ብዕር ይቆማል። በቤት ውስጥ ማን እንደ ተሸሸገ፣ ምን እንደ ተባለ፣ ማን እንደ ሞተ የሚወስነው የእህት ብዕር ብቻ ነው። እርስ በርስ እንዳይጠራጠሩም የጻፉትን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ግድ ነበር።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለችው የአራሚው ክፍል ይገናኛሉ። ያን ዕለት የማተሚያው መኪና ስለማይሠራ ወለሉ አይንቀጠቀጥም፤ የቀለሙ ሽታ ግን እንደ ሁልጊዜው በደረጃው ይወጣል። የሚጽፉት በኅትመት በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ወረቀቱ ሲገለበጥ የሰው ሠርግ ጥሪ፣ የመድኃኒት መግለጫ፣ ግማሽ ጸሎት ይታያል።

ከዚያች ክፍል ቀጥሎ ባለችው የውስጥ ክፍል ደግሞ የአራሚው ልጅ ይቀመጣል።

ልጁ ከጦርነት የተመለሰ ጎልማሳ ነው። በመጣ ሳምንት ብሎን መፍቻ ይዞ ተነሥቶ የቤቱን መቀርቀሪያዎች አንድ ሳያስቀር ከየበሩ ፈታቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ዝገዋል» አለ። አልዛጉም ነበር። አባቱ ነገሩን የሥራ ፈት አመል አድርጎ ዝም አለ፤ አክስቱ ግን ዝም ማለት አይሆንላትም።

«አንተ ልጅ፣ ሌባ ሲመጣ እንኳን ደህና መጣህ ልንለው ነው? መጸዳጃ ቤት እንኳ ስገባ ሰው እንዳይመጣብኝ መዝሙር እየዘመርኩ ነው!»

«ድምፅሽ ከመቀርቀሪያ ይበልጣል፣ አክስቴ» አላት። ከተመለሰ ወዲህ የተናገራት ቀልድ እሷ ብቻ ናት።

ልጁ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም። እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ አባቱን ሸኝቶ ይመለሳል። አባቱ ስለ እርሱ በየቀኑ ይጸልያል፤ ነገር ግን «ምን አደረግህ?» ብሎ ሊጠይቀው አልደፈረም። ጥያቄው በአንደበቱ ላይ ይደርስና መልሱን ፈርቶ ይውጠዋል። የልጁ እጅ ንጹሕ መሆኑን የምትመሰክር አንዲት ቃል ቢሰማ ቀሪ ዘመኑን በሰላም በኖረ ነበር። ያችን ቃል ከልጁ ማግኘት ቢያቅተው በወረቀት ላይ ይጽፋት ጀመር። በፈረሰኞቹ መካከል አንድ ወጣት ፈጠረ፤ ሲጨነቅ የከንፈሩን ግራ ጫፍ የሚነክስ፣ ልክ እንደ ልጁ። ስሙንም ፈረስ ያዥ አለው። ሌሎቹ ወደ መንደር ሲገቡ እርሱ ከዳር ቆሞ የሁሉንም ልጓም ይይዛል። ጩኸት ሲሰማ የፈረሶቹን አንገት ያሻሻል። በየምዕራፉ እንዲህ ነው።

«ይህ ልጅ መቼም ከፈረስ ጋር መንታ ሆኖ ነው የተወለደው» አለች አዋላጇ አንድ ቀን። «አንዲት ቀን እንኳ እጁ አይቆሽሽም?»

«አንድ ሰው ፈረሱን መያዝ አለበት፣ እትዬ።»

«የወጋሪዎቹን ልብስ የጠበቀውስ? ከወጋሪዎቹ ጋር ተቆጠረ ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

አራሚው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶም አጠለቀ። የውስጠኛው ክፍል በር፣ መቀርቀሪያ የሌለው በር፣ ገርበብ ብሎ ነበር።

መጽሐፉ ወደ ፍጻሜው ቀረበ። መንደሩ ሁሉ ተወርሮ የቀረው እህት የፈጠረቻት የአንዲት አሮጊት ቤት ብቻ ነው፤ ከትልልቅ ግንድ የተሠራ፣ ክዳኑ ሳር የሆነ ቤት። ከሞት የተረፉት ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው በዚያ ተከማችተዋል። ፈረሰኞቹም ቤቱን ከበቡት። አራሚው የሚፈልገው አሮጊቷ በሩን እንድትከፍት፣ የፈረሰኞቹ ካህን ገብቶ እንዲያጠምቃቸው፣ ደምም ሳይፈስ መጽሐፉ እንዲያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ገጽ አስቀድሞ ጽፎ ከጠረጴዛው መሳቢያ አኑሮታል፦ ጎህ ሲቀድ ፈረስ ያዡ በወንዙ ዳር ተንበርክኮ ፊቱን ይታጠባል፤ ውኃውም ሳይደፈርስ ያልፋል።

«ክፈቺላቸው» አላት።

«አልከፍትም።»

«ክረምት ነው እኮ። ይራባሉ።»

«እህል አለኝ።»

«ከየት የመጣ እህል?»

«ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት አነበብኩልህ፤ አንተ ታንቀላፋ ነበር።»

«እንግዲያውስ ካህኑ በመስኮት ያናግራቸው።»

«መስኮት የላቸውም። አረመኔ አደረግኸኝ አይደል? አረመኔ መስኮት የለውም።»

አራሚው ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህ መጽሐፍ በዚህ በር ምክንያት ሳያልቅ ሊቀር ነው። እኔ መግባት አልችልም፣ አንቺ አትከፍቺም። ምን ይሁን ታዲያ?»

«ለምን ይከፈታል?»

ድምፁ ከኋላቸው ነበር። ሁለቱም ዞሩ። ልጁ የውኃ ብርጭቆ እንደ ያዘ በውስጠኛው ክፍል ደፍ ላይ ቆሟል።

«ምን አልክ፣ ልጄ?» አለ አባቱ።

«በሩን ነው። መከፈት ለምን አስፈለገው? ከውጭ ይቀረቀራል። ክዳኑ ሳር ነው ብላችኋል።» መንገድ ለጠየቀው እንግዳ አቅጣጫ እንደሚያሳይ ሰው በዝግታ ነበር የሚናገረው። «ነፋሱ በየት በኩል ነው?»

አራሚው ሊስቅ ሞከረ። «የኛ ሕግ እኮ . . . ፈረሰኞቹ ወደ ውስጥ አይገቡም።»

«እኛም ደጅ ነው የቆምነው» አለ ልጁ።

በመንገዱ ላይ አንድ ሰው የሱቁን የብረት መዝጊያ ወደ ታች ሳበ፤ ድምፁ እስከ መጨረሻው ተሰማ። አራሚው ቀና ብሎ በሩን ተመለከተ። መቀርቀሪያው በነበረበት ቦታ የብሎን ቀዳዳዎች ጠቁረው ይታያሉ። ከልጁ መምጣት ጀምሮ በየቀኑ አይቷቸዋል፤ ልብ ብሎ ያያቸው ግን ዛሬ ነው።

«አንተ . . . » አለ። «አንተ ከፈረሶቹ ጋር አልነበርክም?»

በዚያ ጦርነት ፈረስ አልነበረም። ልጁ ግን ይህን አልነገረውም።

አዋላጇ በእግሯ አንድ ወንበር ከጠረጴዛው ሥር ገፋችለት። «ና፣ ተቀመጥ።»

መጥቶ ተቀመጠ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። እሷም ንጹሕ ወረቀት ሳበች፤ ንጹሕ ማለት በጀርባው የማንም ሠርግ ያልታተመበት ማለት ነው።

«ከውስጥ ምን ይሰማ ነበር?»

«እትዬ! ስለ እግዚአብሔር ተይው!» ወንድሟ እጇን ያዘ።

እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «ከበሩ ወዲያ የኔ ነው። ሳላውቅ እንዴት እጽፋለሁ?» ከዚያም ወደ ልጁ ዞረች። ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ የተቀበለችው እሷ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልቅሶውን የሰማችውም እሷ። «ንገረኝ፣ የኔ ልጅ።»

ልጁ የከንፈሩን ግራ ጫፍ ነከሰ።

«መጀመሪያ በስማችን ጠሩን። ስማችንን ያውቁት ነበር። ከመንደሩ በላይ ሰፍረን ሳለን ውኃ የሚያመጡልን እነሱ ነበሩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንኳኩ። በእጅ፣ በኋላ ደግሞ በሌላ ነገር፤ በወንበር ይመስለኛል። አንዲት ሴት ‹ተሳስታችኋል› ትል ነበር። ‹ተሳስታችኋል፣ ሰው አለ፣ ውስጥ ሰው አለ።› ቁጣ የላትም። መኖራቸውን ያላወቅን መስሏት ነው።» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እሷ ዝም ያለችው መጨረሻ ነው።»

አዋላጇ ቀና ሳትል ጻፈች። በሥራ ዘመኗ የሰው ልጅ በዝግ ክፍል ውስጥ የሚያሰማውን ድምፅ ሁሉ የሰማች ይመስላት ነበር። ጨርሳም እንደ ሕጋቸው አነበበች፦ አሮጊቷ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ‹ተሳስታችኋል፣ ሰው አለ› እንዳለች፤ ልጆቹን ወደ እህሉ ጉድጓድ እንዳወረደች፤ ጢሱ ግን ወደዚያም ተከትሏቸው እንደ ወረደ።

«አንድ እንኳ አይወጣም?» አለ አራሚው። የሚለምን ነበር የሚመስለው።

እህቱ ልጁን አየች። ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

«አይወጣም» አለችው። «የኔ እዚህ ላይ አበቃ። በሩን የቀረቀረው እጅ በደጅ ነው ያለው፤ እሱ ያንተ ነው።»

ልጁም ወደ አባቱ ጎንበስ አለ።

«አባዬ፣ ፈረስ ያዡ ይድናል?»

«ይድናል!» አለ አባቱ ፈጥኖ። «ወንዝ ዳር ይንበረከካል፤ ጽፌዋለሁ፣ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነው . . . »

«ምንም ስላላደረገ ነው የሚድነው?»

አባቱ ወደ መሳቢያው የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«በየሳምንቱ ከዚያ ክፍል ሆኜ እሰማችኋለሁ» አለ ልጁ። «ከንፈሩን ሲነክስ እኔ መሆኔን አወቅሁ። ከዚያ ደግሞ ልጓም ይዞ ሲቆም፣ ይህ ማን ነው እላለሁ። ጠዋት ስትጸልይልኝም እሰማለሁ። የምትጸልየው ለሱ ነው፣ አባዬ። ልጓም ለያዘው። ለኔ እስካሁን ማንም አልጸለየም።»

አዋላጇ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አራሚው ከንስሐ በፊት ኃጢአት በስሙ መጠራት እንዳለበት በሰንበት ትምህርት ቤት ለስንት ሰው አስተምሯል፤ ለራሱ ግን መሳቢያ ውስጥ ወንዝ ደብቆ ኖሯል። በመጨረሻ መሳቢያውን ሳበ፤ ገጹን አወጣ፤ የሌሎችን ስሕተት በሚሰርዝበት ቀይ ብዕር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘው። ከዚያም ጥቁሩን ብዕር አነሣ። ፊደሎቹ ከመስመር ወጡ፤ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሌላ ሰው ቢያመጣለት ይመልሰው ነበር።

ጽፎም እንደ ሕጋቸው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ፈረስ ያዡ ልጓሞቹን ለጓደኛው ሰጠና ወደ በሩ ሄደ። መቀርቀሪያውንም አንሥቶ ዘጋው።»



«በሁለት እጁ» አለ ልጁ። «ከባድ ነበር።»

አራሚው እንደገና ጎንበስ አለና የጎደለውን ከመስመሩ በላይ ጨመረ።